አለቃ ሁለቱንም ሲፈልግ፦ ጥያቄና መልስ

በሚጋጩ ትእዛዞች መሀል ተይዛችሁ ግራ የገባችሁ ኃላፊዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ፤ እንጀምር።

ጥያቄ፦ የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ዲስትሪክቱ «ውጣ፣ ተቀማጭ አምጣ» ይለኛል። ስወጣ ሰልፉ ይረዝማል፤ ደንበኛ ያማርራል። ሁለት እግር አለኝ ብዬ ሁለት ዛፍ ልውጣ?

መልስ፦ ተረቱ ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም። ቅርንጫፉ ሁለቱንም ይፈልጋል። መጀመሪያ አንድ ነገር ይዩ። ሰልፉ የሚረዝመው እርስዎ ስለሌሉ ነው ወይስ ፊርማዎ ስለሌለ? ብዙ ጊዜ ካሸሩ ከገደቡ በላይ የሆነ ክፍያ ይዞ ማጽደቂያ ይጠብቃል፤ ከኋላ ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል። እንዲያ ከሆነ መመሪያው በሚፈቅደው ልክ ውክልና ይስጡ። ቀጥሎ ግጭቱ የሚብስበትን ጊዜ ይለዩ። ደሞዝ የሚገባበት ሰሞን ከሆነ ያኔ አይውጡ፤ በሌላው ጊዜ ይውጡ። ችግሩ አይጠፋም። ግን ወሩን ሙሉ የነበረው ጭንቀት ወደ ጥቂት ቀን ይወርዳል።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ሁለቱም ቅድሚያ ነው» ካለስ?

መልስ፦ ይላል! «የቱን ልምረጥ?» ብለህ አትጠይቀው። የሳምንቱን ፕሮግራም ሠርተህ፣ የሚጓደለውንም ጽፈህ ውሰድለት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እስከ ትናንት አብሬያቸው ቡና ስጠጣ በነበሩ ልጆች ላይ ኃላፊ ሆንኩ። ልቅረብ ልራቅ?

መልስ፦ የዴንማርኩ የልጆች መጫወቻ አምራች ሌጎ ለኃላፊዎቹ ያዘጋጀው የ11 ተቃርኖዎች ዝርዝር ነበረው። አንዱ ያንቺው ነው፦ ከሠራተኛ ጋር መቀራረብም፣ ተገቢውን ርቀት መጠበቅም። ስለዚህ ቡናውን አትተዪ። የሥራ አፈጻጸም ነጥብና የፈቃድ ጉዳይ ግን ቡና ላይ አይነሳ።

ጥያቄ፦ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ። ለኃላፊዎች ሥልጠና ይበቃል?

መልስ፦ ቢሾፍቱ ሁለት ቀን አድሮ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ? እሱ ለሆቴሉ ይጠቅማል። እዚያው ሌጎ ውስጥ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ኃላፊዎቹ «ቡድኖቹ ራሳቸውን ይምሩ» ተብለው፣ የእነሱ ሥራ ምን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ነበር። ተመራማሪዋ መፍትሔ አላቀበለቻቸውም። ደጋግማ እየጠየቀች ጉዳዩን ራሳቸው እንዲያጠሩት ረዳቻቸው፤ ለሥራ የሚበቃ ነገር ይዘው ወጡ። እናንተም አምስት ስድስት ኃላፊ ሰብስቡ። አንዱ አንድ ጉዳይ ያቅርብ። ሌሎቹ ለግማሽ ሰዓት መጠየቅ ብቻ፤ ምክር ክልክል። «እኔ ብሆን ኖሮ» የሚል አይጠፋም፤ አስቁሙት።

ጥያቄ፦ አለቃው እኔ ነኝ። ጥራትም ፍጥነትም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ፈልግ። ሲጋጩ የቱ እንደሚያሸንፍ ግን አስቀድመህ ተናገር። ቶዮታ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ጉድለት ካየ ገመድ ይስባል። የቡድን መሪው ይመጣል፤ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። አንተ ጋ ሥራ ያስቆመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሠራተኞችህን ጠይቃቸው።