በስሜን ተራሮች ብርዱ የሚገባው ከሥር ነው

በታኅሣሥ ከጎንደር ተነሥተው ስሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበርና ጨነቅ በተባሉት ቦታዎች በድንኳን ለማደር ማሰብዎን ገልጸው፣ የኪራይ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት የመኝታ ከረጢት) እና ጋቢ ይበቃ እንደሆነ፣ ካልበቃም የከሰል ምድጃ ድንኳን ውስጥ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በዚያው ወር በዚያው መንገድ ስለ ሄድሁ፣ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስብዎ እጽፍልዎታለሁ።

1ኛ. ከሰሉን ፈጽሞ አያስቡት። ከሰል ፍም ሆኖ ጭሱ ቢጠፋም ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል።

2ኛ. ከላይ ከሚደርቡት ይልቅ ከሥር ለሚያነጥፉት አብልጠው ያስቡ። ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ጎንደር ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ሌሊት እዚያ ውርጭ ይሆናል። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ በተኙበት በኩል ግን ሙሌቱ በክብደትዎ ስለሚጨፈለቅ አየር አይይዝም፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ የሰውነትዎን ሙቀት ይወስዳል። ዕቃውን ያከራየኝ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም፤ ስሊፒንግ ባጉን ዘርግቶ እያገላበጠ ካሳየኝ በኋላ ከሥሩ የሚነጠፈውን ስፖንጅ ግን ጠቅልሎ በገመድ እንዳሰረው ሰጠኝ፣ ልፈታው ስል «አዲስ ነው፣ ሌላ ደንበኛ ቆሟል» ብሎ አጣደፈኝ። ማታ ሳንቃበር ላይ ስዘረጋው መሐሉ ረግፎ ጨርቁ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ወገቤና ዳሌዬ እየደነዘዙ፣ ያለኝን ልብስ ሁሉ ብደርብም ሳልተኛ ነጋ።

ጠዋት አብሮን የነበረው የፓርኩ ጠባቂ ውጭ አድሮ ደኅና መነሣቱን አይቼ ምን እንዳነጠፈ ጠየቅሁት፤ የበግ አጎዛ ነበር። ለባለበቅሎው ነግሬ አጎዛ በኪራይ አስመጣሁና ጨነቅ ላይ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጌ ደራርቤ አነጠፍሁ። ስሊፒንግ ባጉም ጋቢውም ያው ነበሩ፤ ቦታው ከሳንቃበር ከፍ ያለና የባሰ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እስኪነጋ ተኛሁ። ከጓደኞቼ መካከል ውድ የውጭ አገር ስሊፒንግ ባግ የያዘው እንኳ እንደ እኔ አልተኛም፤ ይህን በኩራት እናገራለሁ።

ጎንደር ስመለስ አከራዩ ስለ ስፖንጁ ይቅርታ መጠየቅ ቀርቶ «አቆሽሸኸዋል» ብሎ ካስያዝሁት ገንዘብ ላይ ቆረጠ። እኔ የምከፍለው ለእንቅልፍ ነበር፤ እስከ አሁን ያናድደኛል። ስለዚህ አከራዩ ቢያጣድፍዎም ባይወድም፣ ስፖንጁን እዚያው ሱቅ ወለል ላይ አስዘርግተው በጉልበትዎ ይንበርከኩበት፤ የወለሉ ጥንካሬ ከተሰማዎ አይውሰዱት።

3ኛ. የቀረው ቀላል ነው። ቀን ላብ የነካውን ካልሲና ሹራብ ለብሰው አይተኙ። ክዳኑ በሚገባ በሚጠብቅ ኮዳ ትኩስ ውኃ ሞልተው በካልሲ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ያድርጉ፤ ከመተኛትዎ በፊት በቅቤ የታሸ ጭኮ ይብሉ። አረቄ ሙቀትን ከውስጥ ወደ ቆዳ አውጥቶ የሚያባክን ስለሆነ ይቅርብዎ። ጋቢውን ከላይ ይደርቡት፤ ጥጥ እርጥበት ስለሚይዝ ግን የድንኳኑን ግድግዳ እንዳይነካ ይጠንቀቁ፣ ሌሊት ትንፋሽዎ እዚያ ላይ ጤዛ ይሆናል።

አጎዛውን ደባርቅ ላይ፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበው ጠባቂና በቅሎ በሚይዙበት ሰዓት ለባለበቅሎው አስቀድመው ይንገሩት፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ይበሉት።