ፓኬጅ ከመግዛትሽ በፊት ሎጉን ክፈቺ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ከኛ እድር የወጣ ነው የመሰለኝ። ማስታወቂያ በለቀቃችሁ ቁጥር ዌብሳይታችሁ 503 ይላል፣ አንዳንዴ 508 ይላል። አስተካክላችሁ ስትለጥፉ ደግሞ አባላት አሮጌውን ነው የሚያዩት። ሆስቲንጉ (ዌብሳይታችሁን የሚያስቀምጥላችሁ ኩባንያ) «ፓኬጅ አሳድጉ» ብሏችኋል፣ አንዱ ወዳጃችሁ ደግሞ «የካሽ ፕለጊኑን አጥፉትና ተገላገሉ» ብሏል። ሁለቱንም ለጊዜው አትስሚ። (ካሽ ማለት አንዴ የተሠራን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሰው መስጠት ነው፤ ፕለጊን ደግሞ ዌብሳይቱ ላይ የሚቀጠል ተጨማሪ ፕሮግራም ነው።)

እኔ እዚህ ሜሪላንድ የመረዳጃ እድራችንን ዌብሳይት በነጻ ነው የምይዘው። ሙያዬ አይደለም። «አንተ ኮምፒውተር ትነካካለህ» ተብሎ ተጣለብኝ። የናንተም በዎርድፕሬስ የተሠራ ነው፣ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ነው (አንዱን ሰርቨር ከሌሎች ዌብሳይቶች ጋር ትካፈላላችሁ)፣ ከፊቱ ደግሞ ጎብኚውን ቀድሞ የሚቀበለው ክላውድፍሌር የሚባል አገልግሎት አለ ብዬ ልነሳ።

1. ቁጥሩን አትናቂው። «ዌብሳይቱ ወደቀ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርሽም። 500 ከሆነ ውስጥ የተበላሸ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ አዲስ የታደሰ ፕለጊን ነው፣ ወይ ኤችቲአክሰስ በሚባለው የሰርቨር ማዘዣ ፋይል ውስጥ የተሳሳተ መስመር ነው፣ ወይ ዎርድፕሬስን የሚያሠራው ፒኤችፒ ሚሞሪ አልቆበታል። የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ቀይረሽ ዌብሳይቱ ከተነሳ ጥፋቱ ከነሱ ባንዱ ነው። 521 ወይም 522 ካየሽ ክላውድፍሌርን አትውቀሺ፤ እሱ ደህና ነው፣ ያልመለሰለት ሆስቲንግሽ ነው። 503 «አሁን ማስተናገድ አልችልም» ነው። 508 በጋራ ሆስቲንግ ላይ ኮታሽን ጨረስሽ ማለት ነው። የናንተ ነገር ይኸው ነው። ጥያቄው ኮታውን ማን በላው ነው።

2. ሎጉን፣ ማለትም ማን መቼ ምን እንደጠየቀ ሰርቨሩ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ሳታዪ ሰባራ ሳንቲም አትክፈዪ። ይቺን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፣ የተቃጠልነው እዚህ ጋ ነውና።

የኛ አባላት ዌብሳይቱን የሚከፍቱት በአብዛኛው ሰው ሲሞት ነው። መርዶው ይለጠፋል፣ ሊንኩ በቫይበርም በቴሌግራምም በፌስቡክም ይበተናል፣ ሁሉም ባንዴ ይገባል። ልክ ያን ሰዓት ይወድቃል። ለሆስቲንጉ ጻፍኩ። ቻቱ ላይ የመጣው ልጅ ጉዳዬን ሳልጨርስ «ትራፊካችሁ አድጓል፣ ከፍ ያለውን ፓኬጅ ውሰዱ» አለኝ። ኮታውን የበላው የትኛው ፋይል ነው አልኩት። ፓኬጅ ውሰዱ። በዚያ ደቂቃ ስንት ፕሮሰስ እየሠራ ነበር? ፓኬጅ ውሰዱ። አሁንም ስጠይቀው «ሌላ የምረዳህ ነገር ከሌለ» ብሎ ቻቱን ጠረቀመብኝ። እኔ ገና ስብከነከን ሊቀመንበራችን ካርዳቸውን መዥረጥ አድርገው ከፈሉ። የሦስት ዓመት በቅድሚያ፣ ቅናሽ አለው ተብሎ። ማን አማከራቸው? ማንም። በሚቀጥለው ለቅሶ እንደገና 508።

ያኔ ሲፓነል (የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ገብቼ «ሮው አክሰስ» ከሚለው ቦታ ሎጉን አወረድኩና በኤክሴል ከፈትኩት። በነገራችን ላይ የሎጉ ሰዓት የሰርቨሩ ሰዓት ነው። የኛው ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነበር፣ ሰመር ላይ ከሜሪላንድ 4 ሰዓት ይቀድማል፣ ዊንተር ላይ 5። ይሄን ካላሰብሽ የተሳሳተ ቦታ ላይ ስታፈጪ ትውያለሽ።

ዌብሳይቱ የወደቀበትን ደቂቃ አገኘሁት። ለቀስተኛው ገና መግባት እየጀመረ ነው። ሎጉ ላይ ግን ሌላ ነገር ሞልቶታል። መስመሩ «ፖስት» ይላል፣ ኤክስኤምኤል-አርፒሲ የሚባለውን፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ወደ ዎርድፕሬስ የሚገቡበትን ፋይል ይጠራል፣ መጨረሻው ላይ 200 («ተስተናግዷል») አለ። ከሥሩም እንደዚያው። ከሥሩም እንደዚያው። ወደ ታች ብትይ ብትይ አያልቅም። ፓስወርድ እየገመተ የሚሞክር ሮቦት ነው። 200 ስላለ ገባ ማለት አይደለም፤ ይሄ ፋይል ፓስወርዱ ስህተት ሲሆንም 200 ነው የሚመልሰው። ግን ሰርቨሩ እያንዳንዷን ሙከራ ፒኤችፒ አስነስቶ አስተናግዷታል። ካሽ እዚህ ምንም አይረዳም፣ «ፖስት» የሚመጣ ነገር ከካሽ አይመለስምና። የኛ ሰው ሲደርስ ወንበሩ ሁሉ ተይዞ ጠበቀው።

ፋይሉን ክላውድፍሌር ላይ ዘጋሁት። ጄትፓክ ወይም የዎርድፕሬስን የስልክ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን እነሱም በዚሁ በር ሊገቡ ስለሚችሉ አስቀድመሽ አጣሪ።

ሌላው ጉድ ከፌስቡክ የሚመጣው ሰው ነው። አንድ ሰው ፌስቡክ ላይ ሊንክ ሲነካ፣ ፌስቡክ ከአድራሻው ጫፍ ላይ ኤፍቢክሊድ የሚባል ረጅም ኮድ ይቀጥልበታል። ኮዱ አንዱ ካንዱ ይለያያል። የኛ የካሽ ፕለጊን ደግሞ በአድራሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ካየ አዲስ ገጽ ይመስለዋል። ስለዚህ ያው አንድ መርዶ ለእያንዳንዱ ሰው ከዜሮ ይሠራ ነበር። ካሹ በርቷል፣ ግን ማንንም አያገለግልም! አንዳንድ ፕለጊኖች ይሄን ኮድ በራሳቸው ያልፉታል፣ በሌሎቹ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ራስሽ ትጽፊዋለሽ። ወዳጃችሁ ፕለጊኑን አጥፉት ያለው ለዚህ ነው የማይረባው። ካሹ ጠፍቶ ያ ሁሉ ሰው ባንዴ ቢመጣ የባሰ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ የመጣው ለቅሶ በሰላም አለፈ። ፍጆታውን ሳየው የድሮው ፓኬጅ ተርፎን ነበር። ለሊቀመንበሩ ግራፉን በስብሰባ ላይ አሳየኋቸው። «ለወደፊቱ ይጠቅመናል» አሉ።

3. አሮጌው ገጽ ለምን ይታያል ላልሽው፣ ካሽ ያለው አንድ ቦታ አይደለም። ፕለጊኑ አለው፣ ሰርቨሩ ላይትስፒድ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ እሱም ይኖረዋል፣ ክላውድፍሌር አለው፣ የሰዉ ስልክ አለው። ስታጸጂ ከውስጥ ወደ ውጭ ሂጂ፦ ፕለጊን፣ ሰርቨር፣ ከዚያ ክላውድፍሌር። ክላውድፍሌርን ካስቀደምሽ ተመልሶ ያንኑ አሮጌ ከፕለጊኑ ይቀዳል። ስልኩ ላይ ያለውን ግን ከየትም ሆነሽ ልታጸጂው አትችዪም።

እዚህ ላይ ነው ኮሚቴው በገንዘብ የቀጠረው ባለሙያ ጉድ የሠራን። «ፈጣን አደርግላችኋለሁ» ብሎ ምስሉንም ጽሑፉንም አንድ ላይ፣ በሰዉ ብራውዘር አንድ ወር እንዲቀመጥ አዘዘ። ምስል ይቀመጥ፣ ችግር የለውም። የመርዶ ገጽ ግን አንድ ወር? ከዚያ አንድ ቅዳሜ ፍትሐቱ በአሜሪካ ሰዓት ከቀኑ 1 ሰዓት ወደ ጠዋቱ 11 ተዛወረ። ወዲያው አስተካከልኩ፣ ሁሉንም አጸዳሁ፣ በኔ በኩል ትክክል ነው። ቀደም ብለው ገጹን የከፈቱት ሰዎች ስልክ ላይ ግን 1 ሰዓት እንዳለ ነው። እነሱ ሲደርሱ አስከሬኑ ወጥቷል። አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው፣ ስልካቸውን ለመጣ ለሄደው እየዘረጉ «ይኸው፣ 1 ሰዓት ይላል እኮ» ይሉ ነበር። ባለሙያውን ደውዬ ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የፍጥነት ነጥባችሁ ግን 98 ደርሷል።»

ክላውድፍሌር ካልታዘዘ በቀር የገጹን ጽሑፍ ካሽ አያደርግም፣ የሚይዘው ምስል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት የመሳሰሉትን ነው። ስለዚህ አሮጌ ጽሑፍ እየታየ ከሆነ ወይ ፕለጊኑ ነው፣ ወይ ብራውዘሩ ነው፣ ወይ አንድ ሰው ደንብ ጽፎበታል። ስትፈትሺ በአድሚን ገብተሽ አትዪው። አብዛኛው ፕለጊን ለገባ ሰው ካሽ ያልሆነውን ስለሚያሳይ «ለኔ ይሠራል» እያልሽ ከአባላት ጋር ትጣያለሽ። ውጪ፣ በስልክሽ ዳታ፣ በኢንኮግኒቶ ክፈቺው። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ኤፍ12 ተጭነሽ ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ከሲኤፍ-ካሽ-ስታተስ ጎን ያለውን ቃል እዪ። «ሂት» ካለ ከክላውድፍሌር ማከማቻ የመጣ ነው። «ዳይናሚክ» ካለ ክላውድፍሌር አልያዘውም፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

4. ይሄ ቀድሞ መምጣት ነበረበት። አባላት በስማቸው ገብተው መዋጮ የሚያዩበት ገጽ ካላችሁ፣ ክላውድፍሌር ላይ «ካሽ ኤቭሪቲንግ» (ሁሉንም ገጽ አስቀምጥ) የሚል ደንብ መኖር አለመኖሩን አሁኑኑ ተመልከቺ። ያው ባለሙያችን እሱንም አብርቶት ነበር። አንዱ አባል መዋጮውን ሊያይ ሲገባ የሌላ ሰው ስምና ውዝፍ ወጣለት። በእድር ውስጥ የሰው ውዝፍ አደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚመጣ ላንቺ አልነግርሽም። ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። በ2015 የፈረንጆች ገና ዕለት የጌም መሸጫው ስቲም፣ ጥቃት ሲበዛበት በተቀየረ የካሽ ሴቲንግ ምክንያት የደንበኞችን ገጽ ለሌሎች አሳይቷል። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ራሱ ወደ 34,000 ሰው እንደነካ ገልጿል። የአባላት ገጽ፣ የመግቢያው ገጽ፣ የክፍያው ገጽ፣ የአድሚኑ ክፍል ከየትኛውም ካሽ ውጭ ይሁኑ። ደንቡን ካጠፋሽ በኋላ ክላውድፍሌርን ሙሉ በሙሉ አጽጂ፣ አለበለዚያ የተያዘው ገጽ ጊዜው እስኪያልፍ እዚያው ይቆያል።

አሁን የወደቀበትን ሰዓት ያዢና ከሎጉ የዚያን አምስት ደቂቃ ቆርጠሽ እዚህ ለጥፊልን። የአባላትን አይፒ አድራሻ አጥፊበት። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ፣ እስከዚያው ለሆስቲንጉ ካርድ ቁጥር እንዳትሰጪ።