ያቺ «ቴን» ለምን ትባላለች?

አንድ አንባቢ ከዋሽንግተን እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የምሠራው ትልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ዎኪ ቶኪ ላይ ሁሉም ‹ቴን ፎር› (ሰምቻለሁ)፣ ‹ቴን ትዌንቲ› (ያለህበት ቦታ) ይላል። ‹ቴን› ትርፍ ስለመሰለችኝ ‹ፎር› ብቻ እላለሁ። ሱፐርቫይዘሬ ግን ‹ሬዲዮ አትመልስም› እያለ ይቆጣኛል። ችግሩ እንግሊዝኛዬ ነው ወይስ ሬዲዮው?»

ወንድሜ፣ እንግሊዝኛህን ተወው። ሬዲዮውም ደህና ሳይሆን አይቀርም። ጥፋቱ ያቺን «ቴን» መጣልህ ነው። እሷ የተፈጠረችው እንድትቆረጥ ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአሜሪካ ፖሊስ መኪና ሬዲዮ በቫኪዩም ቱቦ፣ ማለትም አምፖል በሚመስል የድሮ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነበር የሚሠራው። ቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ያንን የሚሰጠው ደግሞ ከመኪናው ባትሪ የሚሽከረከር ትንሽ ሞተር ነው። ፖሊሱ ቁልፉን ተጭኖ ወዲያው ሲናገር ሞተሩ ገና ፍጥነት አልያዘም። የመጀመሪያው ድምፅ ይበላል። በ1937 ገደማ ቻርልስ ሆፐር የሚባል የኢሊኖይ ፖሊስ የሬዲዮ ሰው እነዚህን የቁጥር ኮዶች ሲያወጣ ፊታቸው ላይ «ቴን» ጨመረ። ብትጠፋም ዋናው ቁጥር ይደርሳል።

ዛሬ ሞተሩ የለም። ግን እንዳንተ ባለ ኮንክሪት ሕንፃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሪፒተር፣ ማለትም የሬዲዮ ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ ይኖራል። ቁልፉን ስትጫን የሚወጣው ሞገድ መጀመሪያ እሱን መቀስቀስ አለበት። ከዚያ የሌሎቹ ሬዲዮ ይከፈታል። ይህ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው፤ «ፎር»ን ለመዋጥ ግን ይበቃል።

ስለዚህ ቁልፉን ተጫን፣ አንድ ሰከንድ ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ «ቴን ፎር» በል። ቃሉን ሳትጨርስ ጣትህን አታንሳ። ማይኩን ከአፍህ ሦስት አራት ጣት አርቀው። አትጩህ፣ መጮህ ድምፁን ያበላሸዋል። ይህን ሁሉ አድርገህም ካልተሰማህ ባትሪውን ቀይርና ሞክር። ባትሪ ሲደክም ሬዲዮው መስማቱን ይቀጥላል፣ ሲናገር ግን ይሞታል። ብዙ ኃይል የሚበላው መናገሩ ነውና።

ኮዶቹን በሙሉ መሸምደድ አያስፈልግህም። 10-4 «ሰምቻለሁ»፣ 10-20 «ያለህበት ቦታ»፣ 10-9 «ድገምልኝ»፤ እነዚህ የትም ያስኬዱሃል። ከዚያ ያለፈው እንደየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። አንዱ ጋ አደጋ የሆነው ቁጥር ሌላው ጋ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው የአሜሪካ መንግሥት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ መሥሪያ ቤቶች አብረው በሚሠሩበት አደጋ ላይ ግልጽ ቋንቋ እንዲነገር ያስገደደው።

አንተም እሳት ካየህ ኮድ አትፈልግ። «ፋየር፣ ሌቭል ስሪ» በል። ግን ያኔም ቢሆን ተጭነህ ጠብቅ፤ አለዚያ የሚሰሙት «ሌቭል ስሪ» የሚለውን ብቻ ነው።