ጎልደንሮድን በጓሮ ማብቀል፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። መጀመሪያ በመጣሁበት ዓመት፣ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ የመንገዱ ዳር ቢጫ ለብሶ ሳየው አደይ አበባ መስሎኝ ከመኪናዬ ወርጄ ነበር። ጎልደንሮድ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሀገር በቀል አበባ ነው። ከዚያ ወዲህ ከጓሮዬ ለይቼው አላውቅም። ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ልጄ በየመስከረሙ በአለርጂ ትሰቃያለች። ጎረቤቴ ይህ ቢጫ አበባ ነው ይለኛል። ልንቀለው?

እባክዎ አይንቀሉት። በዚያው ሰሞን ራግዊድ የሚባል አረም ያብባል። አበባው አረንጓዴና ጥቃቅን ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ብናኙ ግን ቀላል ነውና ነፋስ ይዞት ሩቅ ይሄዳል። የጎልደንሮድ ብናኝ ከባድና ተጣባቂ ነው፤ ከአበባ ወደ አበባ የሚያደርሱት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። ራግዊዱ በሚያስነጥስበት ወቅት ዓይን የሚገባው ይህ ቢጫ ስለሆነ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። ልጅዎን ሐኪም ዘንድ ወስደው ያስመርምሯት፤ ጓሮውን ደግሞ ለራግዊድ ይፈትሹ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው ግማሹን ግቢ ወረሰብኝ። ምን ላድርግ?

የተከሉት የካናዳ ጎልደንሮድ የሚባለው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ከመሬት በታች ሥሩን እየላከ ስለሚስፋፋ ለሰፊ ሜዳ እንጂ ለጠባብ ግቢ አይሆንም። ብዙ ሰው ከዚህ አንድ ዓይነት ጋር ተጣልቶ ጎልደንሮድን በሙሉ ይጠላል፤ ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ረጋ ብለው ቦታቸውን የሚጠብቁ ብዙ ዘመዶች አሉት። (ሶሊዳጎ የጎልደንሮድ ሳይንሳዊ ስም ነው።) ዛፍ ሥር ጥላ ካለዎት ሶሊዳጎ ሲዥያን ይትከሉ፤ ቀጭን ግንዱ ላይ አበባው እንደ ዶቃ ይደረደራል። ፀሐይ ለሚመታው ቦታ ሶሊዳጎ ስፔሲዮሳ ግሩም ነው። በበረዶ ወቅት ጨው ለሚረጭበት የመንገድ ዳር የባሕር ዳርቻው ዓይነት፣ ሶሊዳጎ ሴምፐርቪረንስ፣ ጨውን ይችላል። ችግኝ ሲገዙ «ጎልደንሮድ» ብቻ አይበሉ፤ በሳይንሳዊ ስሙ ይጠይቁ። ያስቸገረዎትን ደግሞ በጸደይ፣ ብርዱ አልፎ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ ከነሥሩ ቆፍረው ያውጡት። ቁራጭ ሥር ከቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ከዘር ማብቀል ይቻላል?

ይቻላል። ኅዳር ላይ ዘሩን በተነቀሰ መሬት ላይ በትነው በእጅዎ ጫን ጫን ያድርጉት። ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አያልብሱት። የብርዱ ወራት ራሱ ይቀሰቅሰዋል። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ቢያዩ ተስፋ አይቁረጡ።

ረዝሞ ይወድቃል፤ የሰፈሩ ማኅበርም «አረም አብቅለሃል» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ።

ማዳበሪያ ሰጥተኸው ይሆናል፤ አትስጠው። መሬቱ ሲወፍርለት ይረዝምና ይተኛል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ግንዱን እኩሌታው ላይ ቁረጠው፤ አጠር ብሎና ቅርንጫፉ በዝቶ ያብባል። ማኅበሩን በተመለከተ፣ ሜሪላንድ ከሆንክ በ2021 የወጣ ሕግ አለ፤ ማኅበራት ለንብና ለቢራቢሮ የሚተከል ጓሮን ያለ አግባብ እንዳይከለክሉ ያግዳል። ያም ሆኖ ዳር ዳሩን አጽዳና ድንጋይ ደርድርበት፤ ሆን ተብሎ የተተከለ መሆኑን ሰው ይረዳል።

ግንዱ ላይ እንደ ኳስ ያበጠ ነገር አለ። በሽታ ነው?

አይደለም። አንዲት ትንሽ ዝንብ እንቁላሏን ጥላበት ነው፤ ትሉ ውስጡ ይከርማል። በብርዱ ወራት ግንደ ቆርቁር ወፍ እየሰረሰረ ሲበላው ያያሉ። ስለዚህ የደረቀውን ግንድ እስከ ጸደይ አይቁረጡ፤ ሲቆርጡም ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ያስቀሩ። ክፍት የሆነውን ግንድ ጎጆ የሚያደርጉ ትንንሽ ንቦች አሉ።

ማሩስ ለጠጅ ይሆናል?

ይሆናል፤ ጠቆር ያለና ጣዕሙ ጠንካራ ነው፣ ቶሎም ይረጋል። እኔ ፈዘዝ ካለ ማር ጋር መቀላቀሉን እመርጣለሁ። ንቦቹ ሲያበስሉት ቀፎው እንደ ላብ ካልሲ ይሸታል፤ ጀማሪ ንብ አናቢዎች እንዳትደነግጡ። ንቦች ለብርዱ የሚሰንቁት ከዚህ ነው፤ ወደ ሜክሲኮ የሚጓዙት ሞናርክ ቢራቢሮዎችም ለመንገዳቸው ይቀስሙታል።

ፍራንክፈርት ነው ያለሁት። ልትከለው?

የካናዳውን አትትከዪ እህቴ። አውሮፓ ውስጥ መጤ ወራሪ ሆኖ ሜዳውን እያለበሰ ነው። የአውሮፓ የራሱ ዓይነት አለ፣ ሶሊዳጎ ቪርጋውሬያ፤ እሱን ፈልጊ።

እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ዘር ልላክላት?

አይላኩ። ቅንጨ አረምም ከአሜሪካ የመጣ የዚሁ ቤተሰብ ተክል ነው፤ በገበሬው ላይ ያደረሰውን እናውቃለን። ለእናትዎ አጥር ዳር አደይ አበባ ይበቃል። በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ስለሆነ ዘሩ ሳይረግፍ እንዳያጭዱት ብቻ ይንገሯቸው።