ጠዋት ጠዋት የሚሞተው ሊንክ

ጥያቄው የመጣው ከዝዋይ ሐይቅ፣ ከቱሉ ጉዶ ደሴት፣ ከአንድ መምህር ነው። ባቱ ከተማ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ከውሃው 18 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ተተክሏል። አቻው ደሴቱ ላይ ከተራራው ወገብ፣ ከውሃው 60 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። መሐላቸው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አብዛኛው ውሃ። ሬዲዮዎቹ በ5.8 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። ባቱ ላይ የገባው ኢንተርኔት በዚህ የሬዲዮ ሊንክ ተሻግሮ ለትምህርት ቤቱ፣ ለጤና ኬላውና ግቢው ውስጥ ለሚሰበሰበው ሕዝብ በዋይፋይ ይታደላል።

መምህሩ እንዲህ ይላሉ፦ «ከሰዓት በኋላ፣ ነፋስ ተነስቶ ጀልባ ሁሉ ዳር ሲይዝ፣ ኔትወርኩ እንደ ጉድ ይሠራል፤ ሲግናሉ ማይነስ 47 ነው። ጠዋት ሐይቁ ሲረጋ፣ ልጆቹ ክፍል በሚገቡበት ሰዓት፣ ማይነስ 76 ደርሶ ይሞታል። ሬዲዮ ቀየርን፣ ኬብል ቀየርን፣ ዲሹን ስንት ጊዜ አስተካከልን። የተከለልን ልጅ አሁን ‹ፖሉን በ6 ሜትር እናስረዝመው› ይላል። ገንዘቡን ከሕዝቡ ልንሰበስብ ነውና ምን ይመክራሉ?» (ማይነሱ የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ፣ ዲቢኤም፣ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሲግናሉ ይጠነክራል።)

መምህር፣ ገንዘቡን ገና አይሰብስቡ።

የተበላሸ ሬዲዮ ሰዓት አያከብርም። ቢያከብርም በቀትር ሙቀት ነው እንጂ በጠዋት ቅዝቃዜ አይደለም። ኮኔክተር ውስጥ የገባ ጤዛ ጠዋት ሊያስቸግር ይችላል፣ እሱን ግን ኬብሉን ስትቀይሩ አስወግዳችሁታል ብዬ ልውሰድ። እኔን የያዘኝ የጠዋቱ ሳይሆን የከሰዓቱ ቁጥር ነው። በእናንተ ዲሽ፣ በእናንተ ርቀት፣ በተለመደው የሬዲዮ ኃይል ሂሳቡን ስሠራው የሚወጣልኝ ማይነስ 52 አካባቢ ነው። እናንተ ማይነስ 47 ታገኛላችሁ። ከሚገባው በላይ የጠነከረ ሲግናል ደስ ሊያሰኝ አይገባም፤ ከየት መጣ ተብሎ መጠየቅ አለበት። የመጣው ከውሃው ነው።

ከደሴቱ የሚነሳው ሞገድ ባቱ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቀጥታ ነው። ሌላው ከባቱ በኩል 3 ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ውሃውን ነክቶ፣ እንደ መስታወት ነጥሮ ይደርሳል። የሁለቱ መንገድ ልዩነት አንድ ስንዝር አይሞላም፣ 13 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የሞገዱ ርዝመት ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ከትንሽ። ስለዚህ ልዩነቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ብቻ ቢጨመር፣ ሲደጋገፉ የነበሩት ሁለት ሞገዶች ይጠፋፋሉ። እናንተ ዘንድ ከሰዓት በኋላ ይደጋገፋሉ፣ ጠዋት ይጠፋፋሉ።

ጠዋት ላይ ያን 2 ሴንቲ ሜትር የሚጨምረው አየሩ ነው። ሌሊቱን ነፋስ ሳይኖር ሲያድር፣ ሐይቁ ላይ ያለው አየር እንደ እንጀራ ተደራርቦ ይተኛል፤ ከታች እርጥቡና ቀዝቃዛው፣ ከላይ ሞቅ ያለውና ደረቁ። ሞገዱ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ ከወትሮው በላይ ወደ ምድር ይታጠፋል፣ የምድር ክብነት የቀነሰ ያህል ይሆናል። ያኔ ዲሾቻችሁ ከውሃው ያላቸው ከፍታ ለሞገዱ የጨመረ ይመስለዋል፣ የመንገዱም ልዩነት ይሰፋል። ፀሐይ ሲጠነክርና ነፋስ ሲነሳ አየሩ ይታመስና ወደ መደበኛው ይመለሳል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ላርም። ብዙ ቴክኒሻን «ነፋሱ ውሃውን ስለሚያናውጠው ነጸብራቁ ይበተናል፣ ለዚያ ነው ከሰዓት የሚሠራው» ይላል። እኔም ዓመታት እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ግን ሞገዱ ውሃውን የሚነካው ከአንድ ዲግሪ ሲሦ በማትበልጥ ማዕዘን ነው። ሻካራ ጠረጴዛ ላይ ዐይንዎን እስከ ጠርዙ ዝቅ አድርገው ቢያዩ መስኮቱን ያንጸባርቅልዎታል፤ እንደዚያ ነው። በዚያ ማዕዘን የግማሽ ሜትር ማዕበል ለሞገዱ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ይህን ያነሳሁት ለክርክር አይደለም። ጥፋተኛው የረጋው ውሃ ነው ብሎ የሚያምን ሰው መፍትሔ ሳይፈልግ ነፋስ ይጠብቃል።

አሁን ወደ 6 ሜትሩ። ልጁ ለምን 6 ሜትር እንዳለ አውቃለሁ፤ ገበያ ላይ የብረት ቱቦ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። እኔም አንድ ሌላ ሐይቅ ዳር፣ ለአንድ ድርጅት በዘረጋነው ሊንክ፣ ይህንኑ አድርጌአለሁ። ሊንኩ እንደ እናንተው ጠዋት ይጠፋል። አንድ ሙሉ ቱቦ ገዝተን፣ በያጅ አስጨምረን፣ አራት ሰው ገመድ ይዞ ሽቅብ አቆምነው። በማግሥቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቁጥሩ ከትናንቱ በአንድ እንኳ አልተለየም። ያኔ ዕቃውን ረገምኩ። ሂሳቡን የሠራሁት ከሳምንት በኋላ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። እዚያ ሐይቅ ላይ ከአንዱ የሲግናል ጉድጓድ፣ ማለትም ሞገዶቹ ከሚጠፋፉበት ከፍታ፣ እስከ ቀጣዩ ያለው ከፍታ 6 ሜትር ኖሯል። ከጉድጓድ ወጥተን፣ ኮረብታውን አልፈን፣ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ነው የገባነው።

በእናንተ ሊንክ ላይ ሠርቼ ባየው ባቱ በኩል ጠዋት ከጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ርቀት ይኸው 6 ሜትር ግድም ነው። ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ እንደኔ አትክሰሩ።

መጀመሪያ የሚደረገው አንድ ብር አያስወጣም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሲግናሉ በወደቀበት ሰዓት፣ ሬዲዮውን ከ5.8 አውርደው 5.5 አካባቢ ባለ ቻናል ላይ ያድርጉትና ቁጥሩን ይመልከቱ። 15 ወይም 20 ከዘለለ ምርመራው አለቀ፤ ጤዛና የተበላሸ ኬብል ለቻናል ለውጥ እንዲህ አይመልሱም፣ ነጸብራቅ ግን የሞገዱ ርዝመት ሲለወጥ ቦታውን ይለቃል። ምናልባት መፍትሔውም እዚያው ይገኛል። በእናንተ ቁጥር 5.5 ላይ ጠዋቱ ወደ ማይነስ 52 ሊመለስ፣ ከሰዓቱም ብዙ ሳይጎዳ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ባንድ ላይ ራዳር ስለሚሠራ ሬዲዮው መጀመሪያ አዳምጦ ነው የሚጀምረው፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ቢል አትደንግጡ። የትኛው ባንድ በምን ያህል ኃይል እንደሚፈቀድ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። ኢንተርኔቱን ለሕዝብ ማካፈላችሁም ከአቅራቢው ጋር ባላችሁ ውል ውስጥ መኖሩን እግረ መንገዳችሁን አረጋግጡ።

ቻናሉ ካልበቃ ዲሹን አውርዱት። አዎ፣ አውርዱት። ባቱ ያለውን ዲሽ እዚያው ፖሉ ላይ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ዝቅ እያደረጋችሁ፣ በየደረጃው አንድ ሙሉ ቀን እያዋላችሁ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በየሰዓቱ ቁጥሩን መዝግቡ። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ በደብተር ይሠራዋል። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፦ ጠዋቱ እየተሻለ ሲሄድ ደስ ብሏችሁ 3 ሜትር ሙሉ እንዳትወርዱ። ያኔ ጠዋትን አድናችሁ ከሰዓትን ትገድላላችሁ። የምትፈልጉት ከፍተኛው ቁጥር የተገኘበትን ቦታ ሳይሆን፣ መጥፎው ሰዓት የማይከፋበትን ቦታ ነው። የኔ ግምት ከአሁኑ 1 ሜትር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከፍታዎቹን «ያህል» እና «ግድም» ብላችሁ ስለጻፋችሁልኝ ግን ከእኔ ሂሳብ የልጁን ደብተር እመኑ።

ዲሹን ወደ ሰማይ ቀና አድርጎ ውሃውን ማስቀረት ይቻል ይሆን ብለው ጽፈዋል። አይቻልም። ቀጥታው ሞገድና የነጠረው ባቱ ሲደርሱ በመካከላቸው ግማሽ ዲግሪ ነው ያለው። የ60 ሴንቲ ሜትር ዲሽ 5 ወይም 6 ዲግሪ ያህል ስፋት ያያል። አንዱን ትቶ ሌላውን የሚያይ ዐይን የለውም።

ይልቅ ነጸብራቁን ዛፍ እንዲጠጣው ማድረግ ይቻላል። ባቱ ላይ ዲሹ ካለበት ሆናችሁ በሩቅ ማያ መነጽር ስታዩ፣ የደሴቱ ተራራ እየታየ 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ውሃ ከፊት ባሉ ዛፎች ወይም ጣሪያዎች ከተጋረደ፣ ቦታው ጥሩ ነው። ስለዚህ ሐይቁ አፋፍ ላይ ካለ ሕንፃ፣ ወደ ከተማው ገባ ያለ ሕንፃ ሊሻል ይችላል። ሆኖም በአሁኑ ከፍታ ይህ ጠባብ ሥራ ነው፤ ዛፉ ነጸብራቁን ለመጋረድ ቀና ካለ ቀጥታውንም መንካት ይጀምራል። ዛፍ ደግሞ ያድጋል።

ነገሩን በደንብ የሚያሰፋላችሁ የደሴቱን ዲሽ ወደ ላይ ማውጣት ነው። ተራራው ከውሃው ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ወደ 200 ሜትር ብትጠጉ ሞገዱ የሚነጥርበት ቦታ ከባቱ ዳር 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይወርዳል፣ በሁለቱ ሞገዶች መካከል ያለውም ማዕዘን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ያኔ ከፊት ያለ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ይበቃችኋል። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ጫፉ የቤተ ክርስቲያን ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ ካህናቱንና የአገር ሽማግሌዎቹን ማማከር ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለተኛ የሶላር ጣቢያ፣ ከዚያ መብረቅ። መብረቁን ወደ መሬት የሚያወርደው የኧርዝ ዘንግ ዓለት ላይ አይገባም፤ ግማሽ ሜትር ገብቶ ሲቆም ጫፉን ቆርጦ «ጨርሻለሁ» የሚል አይጠፋም። አፈር ያለው እርከኖቹ ላይ ነው። ባዶ የመዳብ ሽቦ በእርከኑ ርዝመት፣ ማረሻ በማይደርስበት ጥልቀት፣ አግድም ይቀበር፤ የባለ መሬቱን ፈቃድ ሳትረሱ።

እኔ በቅደም ተከተል ቻናሉን፣ ከዚያ ማውረዱን እሞክራለሁ፤ ወደ ተራራው ጫፍ የምሄደው ሁለቱም እምቢ ካሉኝ ብቻ ነው። አንድ ፖል ላይ ሁለት ዲሽ አስሮ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲይዝ የሚደረግበትም ዘዴ አለ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ውሃ ሲሻገሩ ይጠቀሙበታል። ለአንድ ትምህርት ቤት ግን የሬዲዮው ወጪ እጥፍ ነው።

ደብዳቤው መጨረሻ ላይ በጨረፍታ ያነሷት ነገር አለች፦ ሊንኩ ጤና በሆነበት ሰዓትም ሕዝቡ «ቀርፋፋ ነው» ይላል። ይህ ከሐይቁ ጋር አይገናኝም። ጠዋት ሙሉ ተዘግቶ የዋለ መስመር ሲከፈት፣ ግቢው ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ አፕዴቱን በአንዴ ማውረድ ይጀምራል፤ ባለቤቱ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦት እንኳ። ራውተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ጣሪያ አብጁ፣ የጤና ኬላውን ለብቻ አውጥታችሁ ቅድሚያ ስጡት። ለተማሪዎች ደግሞ ኪዊክስ የተጫነባት አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ዊኪፒዲያውን ከነሥዕሉ ካለ ኢንተርኔት ታነብባለች፣ ሊንኩ ቢሞትም ትምህርቱ ይቀጥላል። ከመጀመሪያው ይህች ብትኖር የጠዋቱ ችግር ግማሹ አይሰማችሁም ነበር።

ባትሪውን ሳልነካ አልለፍ። ደሴቱ ላይ ያሉት ሬዲዮ፣ ራውተርና ዋይፋይ ተደምረው 25 ዋት ቢበሉ በቀን 600 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት አሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ ካላራገፋችሁት የሚሰጣችሁ እሱኑ 600 ነው። አንድ ቀን ፀሐይ ከጠፋ አለቀ ማለት ነው። ለክረምቱ ሁለት አድርጉት።

የሐይቁም ከፍታ እንደ ወቅቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ፣ አሁን ያገኛችሁት ቦታ ዓመቱን ሙሉ እኩል ላይሠራ ይችላል። መስከረም መጨረሻ ላይ ውሃው ሲሞላ፣ ግንቦት ላይ ሲጎድል፣ አንድ አንድ ቀን ደግማችሁ መዝግቡ። ዲሹን ማውረድ ከመጀመራችሁ በፊትም አሁን ያለበትን ቦታ ፖሉ ላይ በቀለም አስምሩበት፣ ዲሹ የዞረበትንም አቅጣጫ እንዲሁ። መመለስ ቢያስፈልግ ጨለማ ውስጥ አትፈልጉትም።