መልስ፦ የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ካስገባሁ ወዲህ አሻራ «በአስተዳዳሪ ታግዷል» ይለኛል

አሻራ ማንበቢያው አልተበላሸም። ኢሜይሉን ስታስገባ የተስማማህበት ፈቃድ የስልክህን አቆላለፍ ለመሥሪያ ቤቱ አይቲ (የኮምፒውተር ክፍል) ሰጥቶታል፤ አሻራውን የዘጋውም እሱ ነው። ከቡሬ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለጥገና ብትወስደው ገንዘብህን ነው የምታባክነው።

አንዳንድ አፖች ላይ ትንሽ የቦርሳ ምልክት አለ? ካለ በስልክህ ላይ የሥራው ክፍል (የሥራ ፕሮፋይል) ከግልህ ለብቻው ተለይቷል፦

1. ሴቲንግ፣ ከዚያ ሴኩሪቲ ግባ። የሥራ ፕሮፋይል የሚለው በአንዳንድ ስልክ ወደታች ተደብቆ ነው ያለው።
2. ለሁለቱም አንድ መቆለፊያ ተጠቀም የሚለውን አጥፋ።
3. ለሥራው የራሱን ፒን ስጥ፤ ለስልኩ አሻራህን መልሰህ አስገባ።

ቦርሳው ከሌለ መሥሪያ ቤቱ በኢሜይሉ በኩል የጫነው የአቆላለፍ ሕግ የያዘው ሙሉ ስልኩን ነው። አይቲውን «የሥራ ፕሮፋይል ክፈትልኝ» በለው፤ ከፈቀደልህ ይሄ ይሻልሃል።

አሻራው ከተመለሰ በኋላም ስልኩ ጠፍቶ በበራ ቁጥር መጀመሪያ ፒን ይጠይቃል። መብራት ሄዶ ባትሪህ ሲያልቅ ይገጥምሃልና ፒኑን አትርሳው።

አደራ፣ ፒን በግምት ደጋግመህ አትሞክር። የተፈቀደው የሙከራ ብዛት ሲያልፍ ስልኩ ያለውን ሁሉ እንዲያጠፋ የሚያዝዝ ሕግ አለ፤ ሙሉ ስልኩ በሕጉ ሥር ከሆነ የልጆችህ ፎቶም አብሮ ይሄዳል። ምንም ከመንካትህ በፊት ፎቶና ስልክ ቁጥሮችህን ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ።