ለሞርሞን ድምፅ መስጠት ንስሓ ያስገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ዜግነት ወስጄ መጀመሪያ የመረጥኩት ሰው ሞርሞኑ ፖለቲከኛ ሚት ሮምኒ ነበር፤ በ2018 (በፈረንጆቹ) ለሴኔት ሲወዳደር። ሰሞኑን ይህን ሳነሳ አንዲት የማኅበራችን እኅት «የመናፍቅ እጅ አበርትተሻል፣ ንስሓ ግቢ» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ይስቃል። «ጨዋ ሰው ነው፣ እነሱም በኢየሱስ ያምናሉ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ይለኛል። ጎረቤቶቻችን ልጆቹን ለእሑድ ትምህርታቸው ሲጋብዙ እንኳ «ይሂዱ» ባይ እሱ ነው። ማንኛቸው ናቸው ልክ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። የሚገርመው ስሕተታቸው አንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም የምርጫ ወረቀቱን ከጸሎተ ሃይማኖት ጋር ቀላቅለውታል። እሷ እምነቱ ስሕተት ስለሆነ መመረጥ የለበትም ትላለች፤ እሱ ደግሞ ሰውየው ለመመረጥ ከበቃ እምነቱም ደህና ነው ይላል። ይህን ጥያቄ ስንቴ ሰማሁት! እጩው ብቻ ነው የሚቀያየረው፤ አንዱ ከተማ ሙስሊም ነው፣ ሌላው ካቶሊክ፣ እናንተ ጋ ሞርሞን።

ከእኅታችን ልጀምር። ሙሴ የሕዝብ አለቆች ሲሾም ምን ዓይነት ሰው እንዲፈልግ ተመከረ? እግዚአብሔርን የሚፈሩ፣ እውነተኞች፣ ያለ አግባብ ጥቅም የሚጠሉ (ዘጸ. 18፥21)። «ይኸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ይላል እኮ» ትል ይሆናል። ይላል። ግን መካሪው ማን ነበር? ዮቶር፣ የምድያም ካህን! ሙሴም አንተ ከእኛ ወገን አይደለህም ብሎ አልመለሰውም። የፋርሱን ንጉሥ ቂሮስንማ እግዚአብሔር ራሱ ቀባሁት ይለዋል፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ ደግሞ «አላወቅኸኝም» ይለዋል (ኢሳ. 45)። እና አንቺ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ግብር ላይ የሚወስን ሰው ስትመርጪ ማንንም ቀሲስ አላደረግሽም።

አሜሪካኖቹም በዚሁ ነገር ሲታመሱ ነው የኖሩት። የሚት አባት ጆርጅ ሮምኒ ለ1968ቱ ምርጫ በተነሳ ጊዜ፣ በ1967 የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ድርጅት ጋሉፕ ሕዝቡን ሲጠይቅ 17 በመቶው ሞርሞን ለፕሬዚዳንትነት አልመርጥም አለ። ልጁ በ2012 ሲወዳደር 18 በመቶ። አባት ሄዶ ልጅ መጥቶ ቁጥሩ እዚያው! ኬኔዲ በ1960 ሂውስተን ላይ ለፕሮቴስታንት ፓስተሮች ስለ ካቶሊክነቱ እንዳስረዳ፣ ሚትም በ2007 ቴክሳስ ቆሞ የቤተ እምነቱ መሪዎች እንደማያዙት፣ እምነቱንም ለሥልጣን ብሎ እንደማይተው ተናገረ።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ጫፍ ነው። በ2011 ሮበርት ጄፍረስ የሚባል የዳላስ ባፕቲስት ፓስተር ሞርሞንነትን የኑፋቄ ቡድን ነው ብሎ በይፋ ተናገረ፤ አገሩም ተንጫጫ። እሱ ራሱ ግን ምርጫው በኦባማና በሮምኒ መካከል ከሆነ ሮምኒን እመርጣለሁ አለ። አነጋገሩ ሻካራ ነበር፤ ሆኖም ሁለቱን ነገር ለይቷል። በኦክቶበር 2012 ደግሞ፣ ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሮምኒ ሽማግሌውን ሰባኪ ቢሊ ግራሃምን ጎበኘ። ብዙም ሳይቆይ በግራሃም ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ሞርሞኖችን ከኑፋቄዎች ተርታ የሚያስቀምጠው ጽሑፍ ተነሳ። በምርጫው ቀን ነጮቹ ወንጌላውያን ከአሥሩ ስምንት ገደማ ለሮምኒ ድምፅ ሰጡ። ድምፃቸው የራሳቸው ነው፣ አልፈርድም። ግን ትናንት ኑፋቄ የነበረው ዛሬ ያልሆነው ሞርሞኖቹ ምን ስለ ቀየሩ ነው? ምንም። የሰው እምነት ምርጫን ያበላሻል ብለን ስንፈራ፣ ምርጫው ዞሮ የእኛኑ ትምህርት ያርማል! ባለቤትሽ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

«ጨዋ ሰው ነው» ማለቱን እቀበላለሁ። በ2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕን ከሥልጣን ለማውረድ የቀረበው ክስ በሴኔት ሲታይ፣ ከፓርቲው ሴናተሮች ብቻውን ጥፋተኛ ነው ያለው ሮምኒ ነው፤ ምክንያቴ በእግዚአብሔር ፊት የማልሁት መሐላ ነው አለ። ተሰደበበትም። ከኛ ስንቱ ነው መሐላውን እንዲህ የሚፈራው? ይህን አከብራለሁ። መሐላ ማክበሩ ግን ስለ ሥላሴ የሚያምነውን አያቃናውም።

ትምህርታቸው አብ ሥጋና አጥንት አለው ይላል። አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ አንድነታቸው በዓላማ ነው እንጂ በባሕርይ አይደለም ይላሉ። ከሐዋርያት በኋላ እውነተኛይቱ ቤተ ክርስቲያን ከምድር ጠፍታ በ1830 በጆሴፍ ስሚዝ በኩል ተመለሰች ይላሉ። እስቲ ይህን ለባለቤትሽ ንገሪው፦ ያ እውነት ከሆነ አትናቴዎስ አባ ሰላማን ሲሾም ምንም አልሾመም፣ ኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶችም የጠፋች ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፤ የእሱ አያቶችም ሲጠመቁ ውሃ ብቻ ነው የነካቸው። ልዩነቱ ይህን ያህላል። ጳውሎስ ከሰማይ መልአክ እንኳ ቢመጣ ከተቀበላችሁት ወንጌል ውጭ አትቀበሉት ያለው (ገላ. 1፥8) ለጨዋታ አይደለም፤ የእነሱም መጽሐፈ ሞርሞን ታሪክ የሚነሳው ከመልአክ መገለጥ ነው።

ስለዚህ ስለ ድምፅሽ ንስሓ የለብሽም። ነገም ሞርሞን ቢወዳደር ሥራውን መዝነሽ ምረጪ ወይም ተይው፤ ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ ግን «የእኛ እጩ» አትበይ። ልጆቹ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ይጫወቱ፣ ልደትም ይሂዱ፤ ደግ ሰዎች መሆናቸውን አውቃለሁ። የእሑድ ትምህርቱ ግን ይቅር፤ ግብዣውን ሳትኮሳተሪ፣ አመስግነሽ መልሺው። ባለቤትሽን ደግሞ በዚህ ሳምንት ወደ ንስሓ አባታችሁ ይዘሽው ሂጂ፣ ጥያቄውን ራሱ ይጠይቅ። ለዚያች እኅትም ይህን መልስ አሳያት፤ ካልተስማማች ትጻፍልኝ።